ፍላጻዬ ለምን ወደ ግራ ይሄድ ነበር?

ሱሉልታ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ዒላማ የሚደገፍበት የታሰረ ድርቆሽም አይጠፋም። ለቀስት ልምምድ ደስ የሚል ቦታ ነው። ግን በቀኝ እጄ ስቤ ስለቅ ፍላጻው ሁሌ ከዒላማው ወደ ግራ ይወጣል። አቋቋሜን አስተካከልኩ፣ አያያዜን ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች!

መፍትሄው ዓይን ላይ ተገኘ። ሁለት እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ በመዳፎቻችሁ መሃል ትንሽ ቀዳዳ ስሩ። ሁለቱንም ዓይን ከፍታችሁ በቀዳዳው ሩቅ ያለ ዛፍ እዩ። ከዚያ ዓይናችሁን ተራ በተራ ጨፍኑ። ዛፉ ያልጠፋበት ዓይን መሪው ነው። የእኔ መሪ ግራው ነው። ቀኝ እጅ እየሳበ ግራ ዓይን ሲያነጣጥር ደግሞ የፍላጻው ጫፍ ወደ ግራ ይዞራል።

ወይ ግራ ዓይንን መጨፈን ነው፣ ወይ በግራ እጅ የሚሳብ ቀስት መያዝ። ለጀማሪ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ፤ እጅ ይለምዳል። እኔም ቀስቱን ቀየርኩ፣ ፍላጻዎቼ አሁን መሃል ላይ ይሰባሰባሉ።

ለመጀመሪያ ከ20 እስከ 25 ፓውንድ የሚሳብ ቀስትና 10 ሜትር ርቀት ይበቃል። ከድርቆሹ ጀርባ ሰውም ከብትም አለመኖሩን ሳታረጋግጡ ግን እንዳትለቁ። አደን ያማራችሁም ያለ ፈቃድ አትሞክሩት።