የዋልታ ደመና ውስጥ በረዶ እንዴት እንደሚፈጠር በፍሪዘር ማየት

ውሃ ዜሮ ዲግሪ ላይ በረዶ ይሆናል ብለን ነው ያደግነው። ደመና ውስጥ ግን እንዲህ አይደለም። አርክቲክ ሰማይ ላይ ከዜሮ በታች 20፣ አንዳንዴም 30 ዲግሪ ደርሶ እንኳ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆይ ጠብታ አለ። ይህን በወሬ ብቻ ማመን ይከብዳል። ስለዚህ መጀመሪያ በዓይናችሁ እዩት።

ሁለት ሦስት ያልተከፈቱ የተጣራ ውሃ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ያዙ። የብርጭቆ ጠርሙስ አትጠቀሙ፤ ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ይሰነጥቀዋል። ጠርሙሶቹን ሳይነካኩ ፍሪዘር ውስጥ አጋድሟቸው። አጠገባቸው በፕላስቲክ ኩባያ የቧንቧ ውሃ አስቀምጡ። ሁለት ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ በየ15 ደቂቃው እያያችሁ ጠብቁ። ኩባያው በረዶ መሥራት ጀምሮ ጠርሙሶቹ ገና ውሃ ከሆኑ፣ ጊዜው ደርሷል።

አንዱን ቀስ ብላችሁ አውጡና ጠረጴዛ ላይ መታ አድርጉት። ነጭ መርፌ የመሰለ ነገር ብቅ ይልና በውሃው ውስጥ ይሮጣል። በጥቂት ሰከንድ ጠርሙሱ ሙሉ ይነጣል። ጨመቅ ስታደርጉት ግን ድንጋይ አይደለም፤ ውሃና በረዶ የተቀላቀለበት ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ሙቀት ይለቃል፤ ያ ሙቀት የቀረውን ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። ሁለተኛውን ደግሞ በበረዶ ቁራጭ ላይ በቀስታ አፍስሱት። እየወረደ ይቆለላል።

መታ ስታደርጉት ምንም ካልሆነ 15 ደቂቃ መልሱት። ቀድሞ በረዶ ሆኖ ካገኛችሁት በሌላ ጠርሙስ ጊዜውን ቀንሱ።

ምን ሆነ? ውሃ በረዶ ለመሆን መነሻ ይፈልጋል። ሞለኪውሎቹ ተሰባስበው ትንሽ የበረዶ ፍሬ ይሠራሉ፣ ግን በጣም ትንሽ ከሆነች ወዲያው ትፈርሳለች። ቅዝቃዜው በጨመረ ቁጥር ግን ሳትፈርስ ለማደግ የሚበቃት መጠን እያነሰ ይሄዳል። የሙቀት መጠን ዋና ሥራው ይሄ ነው። አቧራ ወይም ሌላ ቅንጣት ካለ ደግሞ ፍሬዋ የምትደገፍበት ታገኛለች።

አሁን በሐሳባችሁ ቴርሞሜትር ይዛችሁ ወደ ደመናው ውጡ። ከዜሮ እስከ ከዜሮ በታች 10 ድረስ ደመናው በብዛት ውሃ ነው። እዚህ ላይ በረዶ ማስጀመር የሚችሉት ቅንጣቶች ጥቂቶች ናቸው፤ ከነሱም አንዳንድ ባክቴሪያዎች ከዜሮ በታች 2 ላይ እንኳ ይሠራሉ። ከዜሮ በታች 15 አካባቢና ከዚያ በታች የበረሃ አቧራም ሥራ ይጀምራል። ከዜሮ በታች 38 ገደማ ሲደርስ መነሻ ቅንጣት አያስፈልግም። ጠብታው ንጹሕ ቢሆንም ይረጋል።

ውሃና በረዶ አብረው የሚገኙበት የመካከሉ ክፍል ነው እኔን በጣም የሚገርመኝ። በረዶና ጠብታ ጎን ለጎን ሲሆኑ በረዶው ጠብታውን ይበላዋል። እንፋሎት ከውሃ ይልቅ በረዶ ላይ ቶሎ ስለሚያርፍ ጠብታዎቹ እየተነኑ ይጠፋሉ፤ በረዶው እየከበደ ይወርዳል። አንታርክቲካን በከበበው ደቡባዊ ውቅያኖስ ላይ ግን አየሩ ንጹሕ ነው፣ መነሻ የሚሆን ቅንጣት ጥቂት ነው። ስለዚህ ደመናው ቀዝቅዞም ውሃ ሆኖ ይቆያል። የውሃ ደመና ከበረዶ ደመና የበለጠ የፀሐይ ብርሃን ይመልሳል። ብዙ የአየር ንብረት ሞዴሎች (የአየር ንብረትን በኮምፒውተር የሚያሰሉ ፕሮግራሞች) በስሌታቸው ይህን ደመና ቶሎ በረዶ እያደረጉት ወደ ባሕሩ ከሚገባው በላይ ብርሃን አስገብተዋል። ለዚህ ነው የጥቂት ዲግሪ ልዩነት ቀላል ነገር ያልሆነው።

በረዶ የሚጥልበት ቦታ ካላችሁ አንድ እርምጃ ይቀራል። ጥቁር ጨርቅ ውጭ አውጥታችሁ አቀዝቅዙ፣ የሚወርደውን ተቀበሉበት፣ በማጉያ መነጽር እዩት። ጃፓናዊው ኡኪቺሮ ናካያ በ1936 ሆካይዶ ውስጥ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ የበረዶ ክሪስታል አሳድጎ፣ ቅርጹ ከሙቀት መጠን ጋር እንደሚሄድ አሳይቷል። መርፌ መሳይ ካገኛችሁ ከዜሮ በታች 5 አካባቢ ያደገ ነው። ቅርንጫፍ ያላት ባለ ስድስት ክንፍ ኮከብ ከሆነች ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ገደማ ከነበረ ደመና ነው የመጣችው። ስታዩ ትንፋሻችሁን ያዙ፤ ትቀልጣለች።