የደን ቆጠራ ዳታ ሲበላሽ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

በስልክ ዳታ የሚሰበስብ የደን ቆጠራ ቡድን ቀይ መልእክት ሲያጋጥመው ይደናገጣል። ቀይ መልእክት ግን ቀላሉ ችግር ነው፤ ሥራውን አስቁሞ መፍትሄ እንድትፈልጉ ያስገድዳል። አስቸጋሪው ፎርሙ ዝም ብሎ የተቀበለው፣ ሰርቨሩም ዝም ብሎ ያስቀመጠው፣ በመጨረሻ ሪፖርት ላይ የሄክታርና የሜትር ኩብ ቁጥር ሆኖ የሚወጣው ስህተት ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ዝምተኞቹን እናስቀድማለን። ምሳሌዎቹ ኮቦ ወይም ኦዲኬ ኮሌክት ይዘው ጫካ ለሚገቡ፣ ካርታውን በኪውጂአይኤስ፣ የሳተላይት ምስሉን ደግሞ በጉግል ኧርዝ ኢንጂን ለሚሠሩ ቡድኖች የሚሆኑ ናቸው።

የናሙና ቦታዎቹ በሙሉ በአንድ አቅጣጫ 200 ሜትር ያህል ተንሸራተዋል

ምልክቱ ግልጽ ነው። ጫካ ውስጥ የተለኩ ፕሎቶች (የናሙና ቦታዎች) ካርታው ላይ ማሳ ወይም ወንዝ ውስጥ ይወድቃሉ፤ ሁሉም የተንሸራተቱት ደግሞ በእኩል ርቀትና በአንድ አቅጣጫ ነው። ጂፒኤስ ሲሳሳት እንዲህ አይሳሳትም፤ የጂፒኤስ ስህተት በየአቅጣጫው የተበታተነ ነው።

መንስኤው ብዙ ጊዜ አዲንዳን የሚባለው የቆየ የቦታ መለኪያ መነሻ (ዳተም) ነው። የቆዩት የኢትዮጵያ 1፡50,000 ካርታዎችና ከእነሱ የተቀዱ የደን ወሰኖች በአዲንዳን የተሠሩ ሲሆኑ ስልክና ጂፒኤስ የሚሰጡት ግን በዓለም አቀፉ መነሻ፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። በመካከለኛው ኢትዮጵያ በዩቲኤም (ዓለምን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር በሚገልጸው ሥርዓት) ሲነበቡ አንዱን ቦታ የሚገልጹት ሁለቱ ቁጥሮች ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር፣ ወደ ሰሜን ደግሞ ከ200 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ልዩነት አላቸው፤ የደብሊውጂኤሱ ቁጥር ይበልጣል።

መፍትሄው ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ ኪውጂአይኤስ ውስጥ የሌየሩን (የካርታውን ንብርብር) ሲአርኤስ፣ ማለትም የመጋጠሚያ ሥርዓቱን፣ መሰየምና ሌየሩን ወደ ሌላ ሲአርኤስ መቀየር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። በአዲንዳን የተሠራን ወሰን «ደብሊውጂኤስ ነህ» ብሎ መሰየም ቁጥሮቹን አይነካም፤ ስህተቱን ማጽደቅ ብቻ ነው። መጀመሪያ ትክክለኛውን ስሙን ስጡት፤ ለዞን 37 መለያ ኮዱ ኢፒኤስጂ 20137 ነው። ከዚያ በሪፕሮጀክት መሣሪያ ወደ ኢፒኤስጂ 32637 (ደብሊውጂኤስ 84፣ ዞን 37) ቀይራችሁ በአዲስ ፋይል አስቀምጡ። ሁለተኛው ወጥመድ ለአዲንዳን የተለያዩ አገሮች የተለያየ የመቀየሪያ ቁጥር ያላቸው መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ ዝርዝር ሲያቀርብላችሁ የመጀመሪያውን አትጫኑ፤ ለኢትዮጵያ የተባለውን፣ −165፣ −11 እና 206 የሚሉ ቁጥሮች ያሉትን ምረጡ። ከዚያም ካርታው ላይም ምስሉ ላይም በሚታይ ድልድይ ወይም የመንገድ መጋጠሚያ አረጋግጡ።

አንዳንዶቹ ፕሎቶች ብቻ መቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀው ይታያሉ

ይህ የዞን ጉዳይ ነው። የዩቲኤም ዞን 36 እና 37 ወሰን በ36 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያልፋል፤ ያ መስመር ደግሞ የሚቆርጠው በደን የታወቀውን ደቡብ ምዕራብ ነው። ቦንጋና ጅማ ዞን 37 ውስጥ ናቸው፤ ማሻ፣ ሚዛንና መቱ ዞን 36 ውስጥ። ማሻ አካባቢ በዞን 36 የተመዘገበ ፕሎት በዞን 37 ከተነበበ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ቆላ ላይ ያርፋል።

ፎርሙ ላይ ዩቲኤም በእጅ ማስጻፍ ትታችሁ በላቲትዩድና ሎንግቲትዩድ፣ በአስርዮሽ ዲግሪ ሰብስቡ። ዩቲኤም ለስሌት ሲያስፈልግ ቢሮ ውስጥ ይቀየራል። ቀድሞ የተሰበሰበ ካለ የምሥራቅ ቁጥሩን ተመልከቱ፦ ማሻ አካባቢ በዞን 36 ከ770,000 በላይ ነው፤ በዞን 37 ግን ወደ 110,000 ገደማ። የተደበላለቀውን በዚህ መለየት ይቻላል።

ስልኩ «5 ሜትር» እያለ ፕሎቱ በሁለተኛው ጉብኝት አይገኝም

አንድሮይድ የሚያሳየው የትክክለኛነት ቁጥር ዋስትና አይደለም። ከሦስቱ ሁለቱን ጊዜ ያህል እውነተኛው ቦታ በዚያ ራዲየስ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ በቀሪው ጊዜ ውጭ ነው። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ሥር ምልክቱ ከግንድና ከእርጥብ ቅጠል ላይ ነጥሮ ስለሚመጣ ደግሞ ይባስ ይሳሳታል። ኦዲኬ ኮሌክት በነባሪው 5 ሜትር ሲደርስ ራሱ ቆልፎ ይይዛል፤ ጫካ ውስጥ 5 ካልደረሰ ሰብሳቢው ሰልችቶት በ40 ሜትር ላይ ተቀብሎ ይሄዳል።

ጠዋት ከመግባታችሁ በፊት ስልኩን ሰማይ በሚታይበት ቦታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አብሩት። ኔትወርክ በሌለበት ስልኩ የሳተላይቶቹን ሙሉ ዝርዝር ከሳተላይቱ ራሱ መቀበል አለበት፤ ይህ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። የባትሪ ቁጠባውን አጥፉ። ቋሚ ለሚሆን ፕሎት ደግሞ በጂፒኤስ ብቻ አትተማመኑ፤ መሐሉ ላይ ብረት ቀብራችሁ ከሦስት ትልልቅ ዛፎች ያለውን አቅጣጫና ርቀት መዝግቡ። ተመልሶ የሚመጣውን ሰው ወደ መሐሉ የሚያደርሰው እሱ ነው።

የእንጨት መጠኑ ከሚጠበቀው አሥር እጥፍ ወጣ

ወደ አሥር እጥፍ የተጠጋ ብልጫ ስታዩ ሌላ ነገር ከመፈለጋችሁ በፊት ዲያሜትሩን ተመልከቱ። የዲያሜትር ሜትር ሁለት ፊት አለው፤ በአንዱ በኩል ዲያሜትር፣ በሌላው ተራ ሴንቲ ሜትር። ሰብሳቢው ተራውን ፊት ካነበበ፣ ወይም ከገበያ የተገዛ የልብስ ሰፊ ሜትር ከያዘ፣ የሚጽፈው ዙሪያውን ነው። በ1.3 ሜትር ከፍታ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ዛፍ ዙሪያው 94 ነው። 94 እንደ ዲያሜትር ሲገባ የግንዱ ቤዛል ኤሪያ (በዚያ ከፍታ ግንዱ ቢቆረጥ የፊቱ ስፋት) ከ0.071 ወደ 0.694 ካሬ ሜትር ይዘላል።

ከሁሉም የከፋው አንዱ ቡድን ዙሪያ፣ ሌላው ዲያሜትር የመዘገበበት ጊዜ ነው። አማካዩን በየቡድኑ ለይታችሁ አውጡ፤ በተመሳሳይ ደን ውስጥ አንዱ የሌላውን ሦስት እጥፍ ከሆነ ምንጩ ተገኝቷል። ሆኖም ሁሉን በ3.14 ከማካፈላችሁ በፊት ከየቡድኑ ጥቂት ፕሎቶች ላይ አምስት አምስት ዛፍ እንደገና አስለኩ። ለቀጣዩ ግን ከሥልጠና ይልቅ በፎርሙ ንድፍ መጠበቅ ይሻላል፦ ሁሉም በተራ ሜትር ዙሪያውን ብቻ ይጻፍ፣ ፎርሙ በ3.1416 አካፍሎ ዲያሜትሩን ያሳይ። ከ150 ሴንቲ ሜትር በላይ የወጣ ዲያሜትር ሲኖር «እርግጠኛ ነህ?» የሚል ጥያቄ ይምጣ። የደን ሽማግሌ የሆኑ ዝግባዎች ስላሉ ጭራሽ አትከልክሉ።

ቁልቁለት ላይ ያሉ ደኖች ሁልጊዜ ሳሳ ብለው ይታያሉ

አንድ አሥረኛ ሄክታር ክብ ፕሎት ራዲየሱ 17.84 ሜትር ነው፤ ይህ ግን በአግድም ነው። በ60 ፐርሰንት ዳገት ላይ ገመዱን መሬቱን ተከትሎ 17.84 የዘረጋ ቡድን የለካው ከሚገባው 14 ፐርሰንት ያነሰ ስፋት ነው። ቀላሉ እርማት ራዲየሱን ዙሪያውን በሙሉ ማሳደግ ነው፦ ለ30 ፐርሰንት 18.23፣ ለ45 ፐርሰንት 18.68፣ ለ60 ፐርሰንት 19.27 ሜትር። ሰብሳቢው ተዳፋቱን ያስገባል፣ ፎርሙ ራዲየሱን አስልቶ ያሳየዋል።

ተዳፋት መለኪያው ክሊኖሜትር ላይ ዲግሪና ፐርሰንት ጎን ለጎን እንዳሉ አትርሱ። 31 ዲግሪ 60 ፐርሰንት ነው፤ 31 ብሎ በፐርሰንት ቦታ ያስገባ ሰው እርማቱን በከፊል ብቻ አድርጓል። የዛፍ ቁመትም በዚሁ መሣሪያ ሌላ ችግር አለበት። ከ20 ሜትር ርቀት ጫፉ +70፣ ግርጌው −8 ፐርሰንት ከሆነ ቁመቱ 15.6 ሜትር ነው። የመቀነሱ ምልክት ከተረሳ 12.4 ይሆናል፤ ለማንም የማያጠራጥር ቁጥር ስለሆነ ማንም አይይዘውም። ለግርጌው «ከዓይኔ በታች» እና «ከዓይኔ በላይ» የሚል ምርጫ አስቀምጡ፤ ምልክቱን ፎርሙ ይስጠው።

አንዱ ዛፍ አራት ዝርያ ሆኖ ተቆጠረ

ጽድ፣ ፅድ፣ ጥድ፤ ኦሮሚያ ላይ ደግሞ ጋቲራ። ዝግባና ብርብርሳ፣ ዋንዛና ዋዴሳ፣ ብሳናና በከኒሳ። ስሙ በነጻ ጽሑፍ ከገባ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ለየብቻ ይቆጥራል፤ የዝርያ ብዛቱ ያብጣል፣ የየዝርያው መጠን ይከፋፈላል። ሳይንሳዊ ስሙን መለያ፣ የአካባቢውን ስሞች ደግሞ መፈለጊያ ያደረገ የምርጫ ዝርዝር አዘጋጁ፤ «ሌላ» ለሚለው ብቻ ጽሑፍና ፎቶ ይፈቀድ።

ቀኑም እንዲሁ ነው። 2017 ተብሎ የተጻፈ ዓመት የኛ ይሁን የፈረንጅ ኤክሴል አያውቅም። ኮሌክት ላይ የቀን ጥያቄውን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር እንዲታይ ማድረግ ይቻላል፤ ሰብሳቢው ጥርን ያያል፣ ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጠው ግን ጎርጎርዮሳዊው ነው። ሰዓት ደግሞ ጭራሽ አትጠይቁ፤ ስልኩ ፎርሙ የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ራሱ ይያዝ። አለዚያ ጠዋት 3 ሰዓት የተለካ ደን ኮምፒውተሩ ላይ ሌሊት የተለካ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ዛፎቹ ከፕሎታቸው ተለያይተው ሌላ ፕሎት ላይ ተገኙ

ኮቦ ላይ ዛፎቹ በተደጋጋሚ ጥያቄ ከገቡ ኤክስፖርቱ ሁለት ሺት ይሆናል፤ አንዱ ለፕሎት፣ አንዱ ለዛፍ። ብዙዎች የሚያገናኙት በፓረንት ኢንዴክስ (በፕሎቱ ተራ ቁጥር) ነው። ያ ቁጥር ግን በየኤክስፖርቱ ከ1 ይጀምራል። የጥቅምቱንና የኅዳሩን ፋይል አንድ ላይ ከለጠፋችሁ የኅዳር ዛፎች የጥቅምት ፕሎት ላይ ይገባሉ፤ ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም። ሁለቱንም ሺት ለእያንዳንዱ ፎርም በሚሰጠው ልዩ መለያ፣ በዩዩአይዲው፣ አገናኙ፤ እሱ አይደገምም።

ሥራው መሐል ላይ የጥያቄን የውስጥ ስም መለወጥም ዓምዱን ለሁለት ይከፍለዋል። ማስተካከል ካስፈለገ ለሰው የሚታየውን ጽሑፍ ብቻ ለውጡ።

አልላክ ያለ ፎርም አብዛኛውን ጊዜ የፎቶ ክብደት ነው። የፎቶውን ረጅም ጎን በፎርሙ ንድፍ 1024 ፒክስል ላይ ገድቡት። ሰርቨሩ ላይና ስልኩ ላይ ያሉት ፎርሞች ቁጥር እኩል መሆኑ ሳይረጋገጥ ደግሞ ማንም መተግበሪያውን አያጥፋ፤ ዳታውንም አያጽዳ።

ሳተላይቱ ከ2022 ወዲህ ደኑ ሁሉ ወድሟል ይላል

ይህ በጣም የሚያስደነግጥ፣ መፍትሄውም ከሁሉም አጭር የሆነ ችግር ነው። ከጥር 17 ቀን 2014 ዓ.ም. (25 ጃንዋሪ 2022) ጀምሮ የሴንቲኔል-2 ሳተላይት ምስሎች አዘገጃጀት ተለውጦ በየፒክስሉ እሴት ላይ 1000 ይጨመራል። ኢንፍራሬዱ 3000፣ ቀዩ 500 የነበረ ጥሩ ደን ኤንዲቪአዩ (የአረንጓዴነት መለኪያው) 0.71 ነው። 4000 እና 1500 ሲሆን 0.45 ይወርዳል። ደኑ እንዳለ ነው፤ የተለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው። ኧርዝ ኢንጂን ላይ ይህ ልዩነት የተስተካከለበትን፣ ሃርሞናይዝድ የሚለውን ስብስብ ተጠቀሙ። ምስሉን ራሳችሁ አውርዳችሁ ከሆነ ከአዲሶቹ ላይ 1000 ቀንሱ።

የደን ስፋቱ ትርጉም የለሽ ቁጥር ከሆነ ስኬል (የፒክስሉ መጠን በሜትር) መጻፉን ተመልከቱ። ከብዙ ምስሎች ሜዲያን የተሠራ ምስል የራሱ መጠን ስለሌለው ባትነግሩት በአንድ ዲግሪ ፒክስል ያሰላል፤ አንድ ዲግሪ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው። 10 ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ የማህደረ ትውስታ ገደብ አለፈ ካለ ታይልስኬል የሚለውን ቅንብር 4 ወይም 8 አድርጉ፤ ስክሪኑ ላይ ከማተም ይልቅም ኤክስፖርት አድርጉት፤ ስክሪን ላይ የሚሠራ ስሌት በአምስት ደቂቃ ይቋረጣል።

ካርታውና ቆጠራው ካልተስማሙ ደግሞ ትርጓሜውን አስተያዩ። የኢትዮጵያ የደን ትርጓሜ ቢያንስ 0.5 ሄክታር፣ 2 ሜትር ቁመት፣ 20 ፐርሰንት የዛፍ ጥላ ነው፤ ቀርከሃም ይገባል። በሰፊው የሚወርደው ዓለም አቀፍ የዛፍ ሽፋን ካርታ ግን ከ5 ሜትር በላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው፤ የቆላውን ግራር ብዙውን ይጥለዋል። ግማሽ ሄክታር በሴንቲኔል 50 ፒክስል፣ በላንድሳት 6 ፒክስል ገደማ ነው፤ ከዚያ ያነሰውን ቁራጭ ከካርታው አውጡት።

ኤክሴል ውስጥ አማርኛው ሌላ ምልክት ሆነ

ፋይሉ አልተበላሸም። ሲኤስቪውን ሁለቴ ተጭናችሁ አትክፈቱት፤ ባዶ ኤክሴል ከፍታችሁ ከዳታ ምናሌ በጽሑፍ ማስገቢያው በኩል ጥሩት፣ ኮዱን 65001 ዩቲኤፍ-8 አድርጉት። በተበላሸ መልኩ ከፍታችሁ ካስቀመጣችሁት ግን ፊደሉ አይመለስም፤ ከሰርቨሩ እንደገና አውርዱ።