የገጠር ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ልትረዱ ስትሄዱ ሲሚንቶውን ትታችሁ ሂዱ

ክረምት ሊገባ ሲል ቴሌግራም ላይ የማይቀር ፎቶ አለ፣ ጣሪያው የዘመመ ግድግዳው የተሰነጠቀ የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ ከስሩ "ሊፈርስ ነው ድረሱልን" የሚል። ሰው ደግሞ እግዜር ይስጠው ያዋጣል፣ ከዋሽንግተንም ከዱባይም ይላካል። ከዛ ብዙ ጊዜ ሚሆነው ግን አሮጌው ይፈርስና በብሎኬት አዲስ ይሠራል፣ ስንት ትውልድ የጸለየበት ሥዕልም ከፍርስራሹ ጋር ይሄዳል። ይሄ ነገር በጣም ያመኛል። ከጓደኞቼ ጋር በጎጃምና በጎንደር ገጠር ስንዞር ካየናቸው ውስጥ መፍረስ የነበረባቸው በጣም ጥቂት ናቸው፣ ሌሎቹን የሚገድላቸው ውሃ ነው፣ ውሃውን ካራቃችሁላቸው ይቆያሉ።

ጣና ሐይቅ ላይ ያሉት እነ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ስማቸው ስለሚታወቅ ቱሪስትም ባለሙያም ያያቸዋል። እኔ ማወራው መኪና መንገዱ ካለቀ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት በእግር ስለሚያስኬዱት፣ ማንም ስለማያውቃቸው ክብ ቤተ ክርስቲያኖች ነው።

መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ሂዱ። እውነቴን ነው፣ የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ቀለምም ቆርቆሮም አትያዙ። መስቀል ተሳለሙና ከቄሰ ገበዙና ከሽማግሌዎቹ ጋር ዛፍ ስር ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፦ መጨረሻ የተከደነው መቼ ነው፣ ማን ከደነው፣ በየት በኩል ነው ሚያፈሰው፣ ጭቃው ከየት ነበር ሚመጣው። ሳር መክደን የሚችል አንድ አዛውንት በህይወት ካሉ ከምታመጡት ብር በላይ ሀብት ናቸው፣ አጠገባቸው ሁለት ወጣት መድቡ። ከዛ ወረቀቱ አለ። ሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ከወረዳ ቤተ ክህነት ደብዳቤ አውጡ፣ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽህፈት ቤትም ይወቅ፣ ምክንያቱም በቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሰረት ቅርስ የሚጠገነው የቅርስ ባለሥልጣኑ ቀድሞ ሲፈቅድ ነው። በጎ ፈቃደኛ ሥራው መጥረግ፣ ውሃ ማራቅ፣ መሸከም፣ መመዝገብ ነው። ሥዕል መንካት፣ ምሰሶ መቀየር፣ ግድግዳ አፍርሶ መሥራት የባለሙያ ነው፣ በቃ።

ፎቶ አንሱ፣ ግን በሥርዓት። በውጭ በኩል ከምሥራቅ በር ጀምራችሁ እየዞራችሁ በየአምስት እርምጃው አንድ፣ ስንጥቁ ጋ ስትደርሱ እስክሪብቶ ወይ መቁጠሪያ አጠገቡ ይዛችሁ አንሱት፣ በሚቀጥለው ዓመት ሰፍቶ እንደሆነ ሚታወቀው በሱ ነው። ውስጥ ቅኔ ማኅሌቱንና ቅድስቱን፣ ማለት የውጨኛውንና የመካከለኛውን ክፍል፣ ሲፈቀድላችሁ ብቻ። መሃል ያለው መቅደስ ውስጥ ምእመን አይገባም፣ ስለዚህ ጣሪያው ከመቅደሱ በላይ ያፈስስ አያፈስስ ሊያይ ሚችለው ቄስ ወይ ዲያቆን ነው፣ ለአንድ ዲያቆን ምን ማየት እንዳለበት በደንብ አስረዱት፣ እኛ ይሄን ሳናደርግ ቀርተን ትልቁን ቀዳዳ ሳናውቀው የተመለስንበት ጊዜ አለ። እና እባካችሁ የመስቀሉን፣ የብራናውን፣ የአክሊሉን ፎቶ ፌስቡክ ላይ አትልቀቁ። ሌባም ያያል።

አሁን ወደ ውሃው። ብዙዎቹ ድሮ ሳር ክዳን ነበሩ፣ በኋላ ቆርቆሮ ለበሱ። ሳሩ ዝናቡን ቀስ አድርጎ ከግድግዳው አርቆ ነበር ሚያወርደው፣ ቆርቆሮው አጭር ከሆነ ግን በአንድ መስመር ያወርደዋል፣ መሬቱን ይቦረቡረዋል፣ ጭቃው ተፈናጥሮ የግድግዳውን እግር ያርሰዋል። ዝናብ እየዘነበ ሄዳችሁ እዩት፣ የደረቅ ቀን ጉብኝት ግማሹን ይደብቅባችኋል። ጠብታው የሚያርፍበትን መስመር ተከትላችሁ ጥልቀት የሌለው ቦይ ታወጣላችሁ፣ ወደ ቁልቁለቱ ታዘነብሉታላችሁ፣ ድንጋይ ታነጥፉበታላችሁ። ግን ግቢው መቃብር ነው፣ ካህናቱ "እዚህ ቆፍሩ" ሳይሏችሁ ዶማ አታንሱ፣ ወደ መሰረቱ ተጠግታችሁም አትቆፍሩ። በግድግዳው ዙሪያ ዓመታት የተጠራቀመውን አፈርና ቅጠል አንሱ፣ ተደግፎ የተከመረ እንጨት ካለ አርቁት፣ ምስጥ በዛ በኩል ነው ሚገባው። ይሄ ብቻ በደቦ ሁለት ቀን ቢወስድ ነው፣ ወጪው ደግሞ የምሳው ነው።

ሲሚንቶውን ለምን ትታችሁ ሂዱ እንዳልኩ ልናገር። አንድ ቦታ የግድግዳው እግር ተልጦ አይተን አዘንንና ሲሚንቶ በአህያ አስጭነን ወስደን ዙሪያውን ለሰንነው። በጣም አማረ፣ ካህናቱም መረቁን። በዓመቱ ስንመለስ እርጥበቱ ከሲሚንቶው ኋላ መውጫ አጥቶ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ጭቃው ከውስጥ በስብሷል፣ ልስኑ እንደ ቅርፊት ጭቃውን ይዞት ይረግፋል። የጭቃ ግድግዳ መተንፈስ አለበት፣ ሲሚንቶ ያፍነዋል። እንደ እድል ሆኖ የውጨኛው ግድግዳ ነበር። የመቅደሱ ቢሆን ኖሮ ሥዕሉ ብዙ ቦታ በጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ስለሆነ ጨርቁ ከነቅዱሳኑ ተላቅቆ ይወርድ ነበር፣ ይሄን ሳስብ አሁንም ይጨንቀኛል። ስለዚህ ፈቃዱ ከመጣና መምረግ ካለበት በዛው አፈር፣ ጭድ ገብቶበት ቀናት ቆይቶ በደንብ በቦካ ጭቃ ይመረግ፣ የአካባቢው ሰው ከማንም በላይ ያውቅበታል።

ሥዕል ላይ ያለ አቧራና የጧፍ ጥላሸት በእርጥብ ጨርቅ አይጠረግም፣ ቀለሙ አብሮ ይመጣል። ጧፉን ከሥዕሉ ራቅ አድርጎ የሚያቆም የብረት ማቆሚያ ብትሰጡ ግን ትልቅ ሥራ ነው። የሌሊት ወፍ ካለ ቀዳዳው ሚደፈነው ማታ ሲወጡ አይታችሁ ነው፣ ቀን ከደፈናችሁት ውስጥ ይሞታሉ።

እቃ ቤቱን ቄሰ ገበዙ ከከፈቱላችሁ መጻሕፍቱ ከመሬት ከፍ ብለው እንዲቀመጡ የእንጨት መደርደሪያ አሠሩ፣ ፌስታል ውስጥ አትጠቅልሏቸው ያልባቸዋል። ዝርዝሩን ካህናቱ ራሳቸው ይጻፉት፣ የመጽሐፉ ስም፣ ስፋቱ፣ የቅጠሉ ብዛት፣ ሥዕል ካለው ስንት። የግእዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አሜሪካ ሚኒሶታ ሆነው ስንት ዘመን የደከሙበት በማይክሮፊልም የተነሱ የኢትዮጵያ ብራናዎች ካታሎግ ጥቅሙ አንዱ ይሄ ነው፣ የተመዘገበ መጽሐፍ ቢሰረቅ እንኳ የማን እንደነበር ይታወቃል።

ደኑንም አትርሱት። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ደቡብ ጎንደር ላይ ከካህናቱና ከገበሬው ጋር ሆነው የቤተ ክርስቲያን ደን በድንጋይ ካብ ሲያሳጥሩ ድንጋዩ የመጣው ከገበሬው ማሳ ነው፣ ማሳው ጸዳለት፣ ከብትም ችግኙን መርገጥ አቆመ። ደኑ ነፋሱን ይሰብራል፣ አፈሩን ይይዛል፣ ለጥገናም የሚሆን እንጨት በካህናቱ ፈቃድ ከሱ ነው ሚገኘው።

ብሩ በቤተ ክርስቲያኗ ካርኒ ይግባ፣ በማንም የግል አካውንት አይሁን፣ የናንተም ቢሆን። ውጭ ያላችሁ ደግሞ ስትልኩ "ለጥገና እንጂ ለማፍረስ አይደለም" ብላችሁ በጽሁፍ ላኩ፣ ለአዲስ ሕንጻ የሚለምን ሰው ሲመጣም አሮጌውስ ምን ይሆናል ብላችሁ ጠይቁ፣ ቦታ ካለ አዲሱ ጎን ላይ ይሠራና አሮጌው ይቆይ።

የሥራው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው፣ ክብረ በዓሉ ሳምንት ላይ አትሂዱ ማንም አይመቸውም። ከዛ ነሐሴ ላይ ለዲያቆኑ ደውላችሁ ቦዩ ተደፍኖ እንደሆነ ጠይቁት፣ ጥቅምት ላይ ተመልሳችሁ ከምሥራቅ በር ጀምራችሁ ያንኑ ፎቶ እንደገና አንሱ።