በኦኪቾቢ ሐይቅ ባስ ለማጥመድ ቀን ሲመርጡ

በብርዱ ወራት ባስ የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ ወደ ፍሎሪዳው ኦኪቾቢ ሐይቅ የሚሄዱ ከሆነ፣ ከመሪ አጥማጅ ጋር ቀን ከመቁረጥዎ በፊት የአየር ትንበያውን ይመልከቱ። ሐይቁ በአማካይ ከ3 ሜትር ያነሰ ጥልቀት ስላለው ቀዝቃዛ የሰሜን ነፋስ በገባ ማግስት ውሃው ቶሎ ይበርዳል፤ ዓሣውም ጥቅጥቅ ባለው ሣር ውስጥ ተሸሽጎ ይፈዝዛል። ጥቂት ፀሐያማ ቀናት ተከታትለው ውሃው ወደ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ግን ትልልቆቹ እንስቶች እንቁላል ለመጣል ወደ ዳርቻው ስለሚወጡ፣ ቀጠሮውን ወደዚያ ቢያሸጋግሩት እጅግ ይመረጣል። ለማባበያ የሚሆነው ሻይነር የሚባለው ሕያው ትንሽ ዓሣ በመሪው ዋጋ ውስጥ መካተቱን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከንፈሩ ላይ በመንጠቆ ተይዞ በሣሩ ጠርዝ ሲዋኝ የፈዘዘውን ባስ እንኳ ይቀሰቅሳልና። የመሪው ጀልባ ላይ ቢሆኑም የማጥመጃ ፈቃዱን በራስዎ ስም ማውጣት ይኖርብዎታል።