ዋልካ የግጦሽ መሬት ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከዚያ ወደ መፍትሄው

ወሎ ውስጥ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡና ጨፋ፣ ወይም ወደ ባቲ ሲወረድ ሜዳ ሜዳውን የያዘው ጥቁር አፈር፣ ዋልካ፣ በጋ ላይ ድንጋይ፣ ክረምት ላይ ማጣበቂያ ነው። «መሬቱ ሞቷል» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ስለዚህ አፈር ነው። አልሞተም። ማዕድን የጠገበ አፈር ነው፤ ችግሩ ውሃውን መቼ እንደሚሰጥና መቼ እንደሚነሳ አለማወቅ ነው።

በቅድሚያ ዋልካ መሆኑን አረጋግጡ። ከ10 ሴንቲሜትር ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር አውጥታችሁ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ እስኪልም እሹት። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየጨፈለቃችሁ እንደ ጥብጣብ አስረዝሙት። ሳይበጠስ 5 ሴንቲሜትር ካለፈ ሸክላ የበዛበት ነው፤ ከ7 በላይ ከሄደ ከባድ ዋልካ ነው። በ2 ሴንቲሜትር የሚበጠስ ከሆነ የሚከተለው አይመለከታችሁም። የጦሳ ተራራ ተዳፋት ስስ ድንጋያማ አፈር ጠባዩም መድኃኒቱም ሌላ ነው።

ምልክት፦ ዝናብ ዘንቦ ሳሩ ብቅ አላለም፣ ወይም ብቅ ብሎ ጠወለገ

መንስኤው የሸክላው ማዕድን ነው። ስሜክታይት ይባላል፤ በስስ ንጣፎች የተደራረበ ሲሆን ውሃ በመካከላቸው ሲገባ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና መሬቱን ይሰነጥቃል። ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዝ አፈሩ በእጅ ሲነካ እርጥብ መስሎ የሳሩ ሥር ግን መምጠጥ ያቅተዋል። በደረቀ ዋልካ ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥል የሚያርሰው ከላይ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም በአንድ በሁለት ቀን ፀሐይ ይተናል። ያው ዝናብ አሸዋማ መሬት ላይ 10 ሴንቲሜትር ያህል ይዘልቃል። ከወንዝ ዳር ያለው አሸዋማ ቦታ በበልግ ቀድሞ የሚለመልመው ለዚህ ነው።

መፍትሄው በበልግ ካፊያ አለመታለል ነው። ቀጭን ብረት ወይም የተሳለ ዘንግ ወደ መሬት ግፉ። 20 ሴንቲሜትር ሳይቸግር ካልገባ እርጥበቱ ገና ስላልደረሰ ዘር አትዝሩ፣ ከብትም አትልቀቁ። ዘር በስንጥቁ ሲወድቅ ግማሽ ሜትር ወርዶ ይቀራል፤ ስለዚህ ስንጥቁ ተገጣጥሞ እስኪዘጋ መጠበቅ ግድ ነው። የሮደስ ሳር ከሆነ ለአንድ ሄክታር ከ8 እስከ 10 ኪሎ ይበቃል። ዘሩ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ አይቀበር፤ በቅጠላማ ቅርንጫፍ መጥረግ በቂ ነው። ውሃ ለሚተኛበት ረባዳ ፓኒከም ኮሎራተም የሚባለው ሳር ይሻላል። በፈር የሚባለውን ሳር እዚህ አትድከሙበት፤ ቀለል ያለ አፈር ነው የሚወደው።

ምልክት፦ የኮቴ ጉድጓድ በዝቷል፣ ውሃ ተኝቷል፣ ሳሩ ተነቅሏል

በእርጥብ ዋልካ ላይ ከብት ውሏል ማለት ነው። አብጦ የተዘጋ ዋልካ ውሃ ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው እጅግ በዝግታ ነው፤ ኮቴ ሲጨመርበት የቀረችው ትንሽ ቀዳዳም ትደፈናለች።

ከብት መልቀቅ ይቻል እንደሆነ የሚለየው ፈተና ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከ10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ጥቂት አፈር ወስዳችሁ በመዳፍ መካከል አድቦልቡሉት። እንደ ክብሪት እንጨት፣ 3 ሚሊሜትር ያህል ቀጥኖ ካልተሰበረ እርጥብ ነው፤ ከብቱ ከፍ ወዳለው ድንጋያማ ቦታ ይሂድ። እዚያው ውፍረት ላይ ሳይደርስ ከተፈረካከሰ ልቀቁ።

ለተጠቀጠቀው መሬት ትራክተር መከራየት አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ መጣል ነው። ዋልካ እያበጠና እየተሰነጠቀ ራሱን በራሱ ያላላል፤ የሚፈልገው ከኮቴ ነጻ የሆነ አንድ ወይም ሁለት ክረምትና በጋ ብቻ ነው። አጭዶ ለማብላት የተከለለ ቁራሽ ካላችሁ ግን ውሃው እንዲወጣ ሰፋፊ መደብና ቦይ አውጡ፤ መደቡ 80፣ ቦዩ 40 ሴንቲሜትር ይሁን። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬው ይህን በእጁ ሲሠራ ኖሯል።

ምልክት፦ መላጣ ቦታ፣ ላዩ የጠነከረ፣ ሳር የማያበቅል

ሁለት መንስኤ ስላለ ሳይለዩ መድኃኒት መግዛት አይገባም። ሽምብራ የሚያህል ደረቅ ጓል በብርጭቆ የዝናብ ውሃ ውስጥ በቀስታ ጣሉ። አታማስሉት። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ጨው ውጤቱን ይሸፍናል። 2 ሰዓት ያህል ቆይታችሁ እዩት፣ በማግስቱ ጠዋትም ደግማችሁ እዩት።

ጓሉ ፈራርሶ ውሃው ጥርት ካለ የጎደለው ብስባሽ ነው። የእሾህ ቅርንጫፍ መላጣው ላይ አልብሱ፤ ዘርና ፍግ ይይዛል፣ ከብትም ያርቃል። ጓሉን ከቦ ወተት የመሰለ ደመና ከታየ ግን ሶዲየም በዝቷል፤ መድኃኒቱ ጂፕሰም የሚባለው ማዕድን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ በየቦታው የሚወራለት የእርሻ ኖራ ለአሲዳማ የደጋ አፈር ነው። ዋልካ በአብዛኛው ራሱ ኖራ አለው፤ አቼቶ ጠብ ሲደረግበት የሚፈላው ለዚህ ነው። በ4 በ4 ሜትር ላይ 8 ኪሎ ጂፕሰም በትኑ፤ ይህ በሄክታር 5 ቶን ማለት ነው። አንድ ክረምት አይታችሁ ለውጥ ካለ፣ ከ10 እስከ 15 ቦታ የተቀላቀለ 1 ኪሎ አፈር ጥላ ላይ አድርቃችሁ ለአፈር ላቦራቶሪ ስጡ፤ ሶዲየሙም ይለካላችሁ። ሸክላው ላይ ከተያዙት እንደ ካልሲየምና ማግኒዥየም ካሉ ተለዋዋጭ ንጥረ ነገሮች መካከል የሶዲየም ድርሻ ከ15 በመቶ ካለፈ መሬቱ ሶዲካዊ፣ ማለትም ሶዲየም የበዛበት ነው፤ በአንዳንድ አፈር ከ6 በመቶ ጀምሮም ያስቸግራል።

ምልክት፦ ጎርፉ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፣ ታች ላይ ቦረቦር ይከፈታል

ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ዋሻ እየቦረቦረ ነው። ቦረቦሩን ብቻ መክተር አይረዳም፤ ውሃው ክትሩን በጎን ወይም በሥር ዞሮ ያልፈዋል። ከላይ ጀምራችሁ የሚገባውን ጎርፍ ሳር ወዳለበት ቦታ መልሱ። ከዚያ የድንጋይ ክትሩን በሁለቱም ጠርዝ ግማሽ ሜትር ወደ ግድግዳው አስገብታችሁ ሥሩት፤ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ይሁን። የአፈር እርከን በዋልካ ላይ ራሱ ስለሚሰነጠቅ ውሃው እዚያው ይሾልካል። ስለዚህ የድንጋይ መስመር ይመረጣል።

ምልክት፦ ከብቱ አጥንት ያላምጣል፣ ይከሳል፣ ቶሎ አያረግዝም

ይህ ከአፈሩ ጋር ግንኙነት ያለው አይመስልም፤ አለው። ዋልካ ካልሲየምና ማግኒዥየም ሞልቶታል፣ ፎስፈረሱ ግን ሳሩ በማይደርስበት መልክ ይታሰራል። ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ሶዲየም እንጂ ፎስፈረስ አይሰጥም። ከቄራ የተገኘ የጤነኛ ከብት አጥንት ነጭ እስኪሆን አቃጥላችሁ ውቀጡ፣ ከጨው ጋር እኩል ቀላቅላችሁ ለአንድ አዋቂ ከብት በቀን 50 ግራም ያህል ስጡ። ሜዳ ላይ ያለ የሞተ ከብት አጥንት ግን ይቀበር፤ በውስጡ ያለው የቦቱሊዝም መርዝ ይገድላል። በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ደም የወጣ ከብት ደግሞ ፈጽሞ አይገፈፍ፣ አጥንቱም አይነካ። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፤ ኖራማ አፈር ጀርሙን ለብዙ ዓመት ያቆያል። ለእንስሳት ሐኪም አስታውቁ፣ የተቀረውንም መንጋ አስከትቡ።

ምልክት፦ የአጥር ምሰሶ ይዘማል

የአፈሩ እብጠት ያነሳዋል። በበጋ ቢያንስ 80 ሴንቲሜትር ቆፍሩ፣ ሲሚንቶ አትጨምሩ፣ ዙሪያውን በጠጠር ሙሉት። ወይም ቅንጭብ ትከሉና ተገላገሉ።