ስለ ቬትናም የዓሣ ነባሪ አምልኮ ስትጽፉ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ስለ ቬትናም ዓሣ አጥማጆች በአማርኛ የሚጻፉ ጽሑፎችን አርማለሁ። አንዱ ስህተት ደጋግሞ ይመጣብኛልና ከእሱው ልጀምር።

«ዓሣ ነባሪው ሞተ።» እባካችሁ እንዲህ አትጻፉ። አጥማጆቹ ዓሣ ነባሪን «ካ ኦንግ» ይሏቸዋል። «ካ» ዓሣ ነው። «ኦንግ» ደግሞ አያትን፣ የተከበረ ሽማግሌን የሚጠሩበት ቃል ነው። ሲሞቱም በተራው ቃል ሞቱ አይባልም፤ «ሉዪ» የሚል የተለየ ቃል አለ። አማርኛ እኮ ለዚህ አያንስም! አንቱታ አለን፣ «አረፉ» አለን። እኔም በመጀመሪያ ጽሑፌ «ሬሳው ተገኘ» ብዬ ነበር። ያፈርኩት በደቡብ ቬትናም ጠረፍ ወዳለችው ፋን ቲየት ከተማ ሄጄ ቫን ቱዊ ቱ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1762 የተሠራውን ቤተ መቅደስ ሳይ ነው። 22 ሜትር የሚረዝም የኦንግ አጽም ተዘርግቷል። ፊት ለፊቱ ዕጣን ይጨሳል። አንዲት እናት እጃቸውን አጋጥመው ሦስት ጊዜ እጅ ነሱ። ከዚያ ወዲህ «ሬሳው» ብዬ ጽፌ አላውቅም።

«ለዓሣ ይሰግዳሉ» ብሎ ማለፍም ዋናውን ነገር መተው ነው። ማዕበል ሲነሳ ኦንግ ጀልባችንን በጀርባቸው ደግፈው ያተርፉናል ብለው ያምናሉ። ውለታ ነው የሚከፍሉት።

ሐዘኑን ጥቁር አታልብሱት። እዚያ የሐዘን ቀለም ነጭ ነው። ያረፉትን ኦንግ መጀመሪያ ያየ ሰው እንደ በኩር ልጅ ይቆጠራል፤ ነጭ ጨርቅ ራሱ ላይ አስሮ ያለቅሳል። ከዓመታት በኋላ አጽማቸው ወጥቶ፣ ታጥቦ ቤተ መቅደስ ይገባል። የእኛ አንባቢ አጽም ማፍለስን ያውቃል። «እንግዳ ልማድ» እያላችሁ ነገሩን አታርቁበት።

«ቬትናማውያን ሁሉ» አትበሉ። በዋናነት የመካከለኛውና የደቡቡ ጠረፍ አጥማጆች ናቸው። ብዙ አጥኚዎች ሥሩን በመካከለኛው ጠረፍ ከጥንት ከኖረው ከቻም ሕዝብ ጋር ያያይዙታል።

እ.ኤ.አ. በ1802 የነገሠው የቬትናም ንጉሥ ዛ ሎንግ ከጠላት ሲሸሽ ኦንግ ከባሕር አዳኑት ይባላል። «ይባላል» የምትለዋ ቃል እንዳትወድቅ።

አጥማጆቹ ኦንግን ከባሕር የሚቀበሉበትን በዓል ቀንም በፈረንጅ አቆጣጠር አትቁረጡ። በሆ ቺ ሚን ከተማ ጠረፍ ባለችው በካን ዞ የሚከበረው በጨረቃ አቆጣጠር 8ኛው ወር በ16ኛው ቀን ነው፤ በየዓመቱ ይዘዋወራል። አንድ ጽሑፍ አምነው የሄዱ ባልና ሚስት ከወደቡ ፎቶ ልከውልኝ ነበር። በዓሉ አልፏል፤ ኦንግን ለመቀበል ወደ ባሕር ወጥተው የነበሩት ጀልባዎች ጌጣቸውን አውልቀው መረብ ጭነዋል። በጣም አዘንኩላቸው።