ስኮላርሺፕ ስታመለክቱ እነዚህን ስህተቶች ተዉልኝ

ጥቅምት ሲገባ ማመልከቻ ይዘው የሚመጡ የጅማ ልጆች ይበዛሉ። የአውሮፓ ኅብረት የኢራስመስ ሙንዱስ ማስተርስ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ማመልከቻ ይቀበላሉ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ጥር ላይ ይከተላል። «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይዩልኝ» ይሉኛል። ደስ ብሎኝ አያለሁ። ጎበዝ ልጅ በማይረባ ስህተት ሲቀር ማየት ግን ያንገበግበኛል። ለእያንዳንዱ ስነግር ከምኖር ልጻፈው።

ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ሞቲቬሽን ሌተሩ፣ ለምን እንዳመለከታችሁ የምታስረዱበት ደብዳቤ ነው። የሚመጣው ሁሉ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለትምህርት ጥልቅ ፍቅር ነበረኝ» ብሎ ይጀምራል። ድሮ ከቴሌግራም ይገለብጡት ነበር፤ አሁን ቻት ጂፒቲ ይጽፍላቸዋል። እንግሊዝኛው እንከን የለውም። ልጁ ግን ውስጡ የለም። ስሙን አጥፍታችሁ የጓደኛውን ብትተኩበት ምንም አይዛነፍም። መራጮቹ እንዲህ ዓይነቱን ወረቀት በቁልል ነው የሚያነቡት። የናንተን ለይተው የሚያስታውሱበት ምን ሰጣችኋቸው?

የሚያሳዝነኝ የሚጻፍ ነገር ሞልቶ ሳለ መሆኑ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ መፈክሩ ራሱ «በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» የሚል ነው። ተማሪው ሲቢቲፒ (ማኅበረሰብ ተኮር ሥልጠና) ብሎ በቡድን ቀበሌ ይወርዳል። ቤት ለቤት ይጠይቃል፣ ችግር ይለያል፣ ከነዋሪው ጋር መፍትሔ ይሞክራል። የጤና ተማሪዎች ደግሞ መጨረሻ ላይ ቲቲፒ (የቡድን ሥልጠና) ይወጣሉ፤ የተለያየ ሙያ ያላቸው አብረው ጤና ጣቢያ ይሰራሉ። በብዙ አገሮች ተማሪ ይህን ሳያይ ነው የሚመረቀው።

አንዲት የኅብረተሰብ ጤና ምሩቅ ደብዳቤዋን አመጣችልኝ። ስለ «ዓለም አቀፍ የጤና ተግዳሮቶች» ሁለት ገጽ ጽፋለች። አንብቤ ስጨርስ «ሲቢቲፒ የት ወጣሽ?» አልኳት። ኦሞ ናዳ ወረዳ። ምን ሰራችሁ? ሽንት ቤት ቆጠርን አለችኝ። ከዚያ ወሬው ያዛት። ሽንት ቤቱ ተቆፍሯል፤ ግን ክረምት ላይ ጣሪያ ስለሌለው ውሃ ይሞላል፣ ሰው ይተወዋል። መዝገብ ላይ ግን «አለ» ተብሎ ተጽፏል። እነሱ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረው የተወሰኑትን ጣሪያ አለበሱ። «ታዲያ ይሄ የታለ ደብዳቤው ላይ?» ስላት «ይሄማ ሁሉም ተማሪ የሚሰራው ነው» አለችኝ።

አይደለም! ቦን ወይም ለንደን ቁጭ ብሎ ለሚያነበው ሰው በጭራሽ አይደለም። ቁጥሩ አለ የሚለውን ነገር መሬት ላይ ወርዳ የለም ብላ ያረጋገጠች ልጅ ናት። ኢፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ሥርጭት ጥናት) መማር ለምን እንደፈለገች ከዚህ በላይ የሚናገር ምን አለ? እባካችሁ፣ የት እንደነበራችሁ፣ ምን እንዳያችሁ፣ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን አቅቷችሁ እንደተመለሳችሁ ጻፉ። ያቃታችሁን ነገር ያ ፕሮግራም እንዴት እንደሚያስተምራችሁ ከፕሮግራሙ የኮርስ ዝርዝር ጋር አገናኙት። የቡና ልጆች፣ የግብርና ልጆች፣ መልኮ ምርምር ማዕከል የተለማመዳችሁ፣ እናንተም ያው ናችሁ። እንግሊዝኛችሁ ቢንገዳገድ ይታረማል።

የአንዱን ስኮላርሺፕ ስም ሳያጠፉ ያንኑ ደብዳቤ ለሌላው መላክም አለ። በዚህ ላይ ሌላ ቃል አልጨምርም።

ወረቀት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ተመርቃችሁ የያዛችሁት ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) እና ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጥ የውጤት ቅጂ) ነው። ብዙ ቦታ የሚጠየቀው ግን ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። እሱን ለማውጣት የኮስት ሼሪንግ ክሊራንስ፣ ማለትም የወጪ መጋራት ዕዳችሁ መዘጋቱን የሚገልጽ ማስረጃ ያስፈልጋል። ይህ የወጪ መጋራት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ስትገቡ ፈርማችሁበታል። ልጆች ግን የሚያስታውሱት ማመልከቻው ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ነው። ከዚያ ከገቢዎች ወደ ሬጅስትራር፣ ከሬጅስትራር ወደ ገቢዎች። ተቀጥራችሁ ከደመወዛችሁ ሲቆረጥ ከነበረ፣ መሥሪያ ቤታችሁ በእርግጥ ገቢ ማድረጉን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ተቆርጦ ያልገባ ገንዘብ ያስቀረው ልጅ አውቃለሁ። ስኮላርሺፑን ሳትመርጡ በፊት ይህን ጀምሩ። በጊዜው ካልደረሰ፣ ለማመልከቻ ብቻ ቴምፖና ስቱደንት ኮፒ ይበቃ እንደሆነ ለፕሮግራሙ በኢሜይል ጠይቁ። አንዳንዶቹ ይቀበላሉ። እግረ መንገዳችሁን የተማራችሁት በእንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም ከሬጅስትራር ያዙ፤ በአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ፈተና) ፋንታ የሚቀበሉት አሉ።

ስምና ልደት። ጅማ ውስጥ ስንት ሙሐመድ አለ? በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ግን አንዱ ማስረጃ ላይ በአንድ ኤም፣ ሌላው ላይ በሁለት፣ ፓስፖርቱ ላይ በዩ ይሆናል። የአያት ስም አንዱ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ለውጭ ሰው እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው። ማመልከቻችሁን ፓስፖርታችሁ ላይ ባለው ፊደል ሙሉ። ፓስፖርት ገና የምታወጡ ከሆነ የትምህርት ማስረጃችሁን ፊደል ተከተሉ። ልደት ላይ ደግሞ መስከረም 10 ቀን 1994 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2001 ነው የተወለደው። 1994 ብሎ ከሞላ ሰባት ዓመት ያረጃል። የቱርክ መንግሥት ለማስተርስ ከ30 ዓመት በታች፣ የቻይና መንግሥት ከ35 በታች ይላሉ። በቀን መቁጠሪያ ስህተት ዕድሜ የሚያልፍበት ልጅ እንዳይኖር።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቺቭኒንግ የሚዘጋው በ12:00 ዩቲሲ (የዓለም አቀፍ ሰዓት) ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። «ማታ 12 ሰዓት ድረስ ጊዜ አለኝ» ብሎ ሻይ ሲጠጣ የዋለ ልጅ አይቻለሁ። የአውሮፓዎቹ 23:59 ደግሞ በክረምታቸው ለእኛ ከሌሊቱ 7:59 ነው። ግን ለምን እስከዚያ ትጠብቃላችሁ? መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይጠፋል። ሦስት ቀን አስቀድማችሁ ላኩ።

መስፈርቱን ሳያነቡ መድከምም አለ። ቺቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የጀርመኑ ዲኤኤዲ ለታዳጊ አገሮች የሚሰጠው የማስተርስ ዕድል በአብዛኛው የሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋል፤ ዲግሪው ከስድስት ዓመት በላይ እንዲቆይም አይፈልግም። ኢራስመስ ሙንዱስ ብዙ ጊዜ ልምድ ግዴታ አያደርግም። ሰኔ ላይ የተመረቃችሁ በዚህ ጀምሩ። ጂፒኤዬ ዝቅ ያለ ነው ብላችሁ ሳትሞክሩ የምትቀሩ፣ በተለይ ሴት ልጆች፣ መጣል ካለበት እነሱ ይጣሉት እንጂ እናንተ ራሳችሁን አትጣሉ።

መምህራንን በመጨረሻው ሳምንት ሪኮመንዴሽን (የድጋፍ ደብዳቤ) አትጠይቁ። ቢያንስ ወር ስጧቸው። ሲቪያችሁን፣ ደብዳቤያችሁን፣ እሳቸው ጋር የሰራችሁትን ፕሮጀክት አስታውሳችሁ ላኩላቸው። ብዙ ጊዜ ሊንኩ በቀጥታ ለመምህሩ ነው የሚላከው፤ ስፓም ውስጥ ይገባል። ደውላችሁ «መምህር፣ ደርሶዎታል?» ማለት ነውር የለውም። የማያውቋችሁ ዲን ከሚጽፉላችሁ፣ ጽሑፋችሁን ያረሙ መምህር ይሻላሉ።

12ኛ ክፍል ጨርሳችሁ አሜሪካ ኮሌጅ ለምታመለክቱ አንድ ከባድ ነገር አለ። ቅጹ «የገንዘብ ድጋፍ ትፈልጋለህ?» ሲል፣ ያሳንሰናል ብላችሁ «አልፈልግም» አትበሉ። ብዙ ኮሌጆች የውጭ ተማሪ በኋላ ልጠይቅ ቢል አይቀበሉም። እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ያሉት ደግሞ መጠየቃችሁን ለመግቢያ ውሳኔ አይቆጥሩባችሁም። የቤተሰብ ገቢ ላይ አትዋሹ፣ እንዳትሳሳቱም ተጠንቀቁ። አባታችሁ ቡና ገበሬ ከሆኑ ገንዘቡ የሚገባው ለቀማ ላይ ነው። ያንን ብር የአንድ ወር ገቢ ብላችሁ በ12 ብታባዙት ሀብታም ትሆናላችሁ። ዜሮ ብትሉ ደግሞ ማን ያምናችኋል? የዓመቱን ጠቅላላ ጻፉ፤ ገቢው ወቅታዊ መሆኑን፣ እህሉ ከጓሮ መሆኑን፣ ስንት ልጅ በዚያ እንደሚተዳደር በአጭር ደብዳቤ አስረዱ። ከቀበሌ ማስረጃ አያይዙ። የሲኤስኤስ ፕሮፋይል (ብዙ ኮሌጆች የሚጠይቁት የገንዘብ ድጋፍ ቅጽ) ክፍያ ካስቸገራችሁ ለኮሌጁ ጻፉ፤ በነጻ የምትሞሉበትን መንገድ የሚሰጡ ብዙ ናቸው።

ደላላ። ለቺቭኒንግ፣ ለኢራስመስ ሙንዱስ፣ ለቱርክ ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ክፍያ የለም። አንዳንድ የቻይና ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ አላቸው፤ እሱም ለዩኒቨርሲቲው ራሱ ይከፈላል። «ብር ስጡኝ፣ ላሳልፋችሁ» የሚል ሌባ ነው። እናት ላም ሸጠው የከፈሉለት አይቻለሁ።

ኢሜይላችሁን ደግሞ ራሳችሁ ክፈቱ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ከፍቶለት ያመለከተ አንድ ልጅ ነበር። የይለፍ ቃሉን አያውቀውም፤ የተመዘገበው ስልክም የዚያ ሰው ነው። ለቃለ መጠይቅ ጠርተውት ኖሯል። ያወቀው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው፤ ደብዳቤ ጽፈን ሌላ ቀን እንዲሰጡት ለመንን፣ አልሆነም። ዛሬውኑ በራሳችሁ ስልክ፣ በሙሉ ስማችሁ አንድ ኢሜይል ክፈቱ። ካመለከታችሁ በኋላ በየቀኑ እዩት፤ ስፓሙንም ጭምር።